የዐሥረኛ ‹ለ› ሴቶች ሜዳ የረገጡበት ሐሙስ

በዘመነ ሉቃስ፣ በ1999 ዓመተ ምሕረት፣ በሂጅራም በ1428፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ስድስት ወር ሲቀረው፣ ሆዳን ማሃሙድ በዐሥረኛ ‹ለ› ክፍል አለቃነት በነገሠች በሰባተኛው ወር፣ የጅግጅጋ ነፋስ ከካራማራ ወርዶ ቆርቆሮ በሚገነጥልበትና ሰውን ከነጃንጥላው በሚያንሳፍፍበት በወርኃ መጋቢት፣ አንድ ወሬ በምድሪቱ ላይ ጸንቶ ነበር። ወሬውን ያጸናው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ዋርፋ ነው፤ ዐቃቤ ኆኅት ዘቆርቆሮ፣ የሐዲድ ብረት ደዋይ፣ የሻይ ቴርሞስ ባለሟል። እርሱም በየማለዳው በበሩ ለሚገባው ሁሉ እንዲህ ሲል ያውጅ ነበር፦ «ያልሰማህ ስማ! በቱሊ ጉሌድ አንዲት ልጅ እንደ ወንድ ኳስ እመታለሁ ብላ ጉልበቷ ወደ ኋላ ዞሮ ቀረ፤ ዛሬ የምትሄደው እንደ ሰጎን ነው፣ ወላሂ!» ሰኞ ቱሊ ጉሌድ የነበረችው ልጅ ረቡዕ ባቢሌ ትገኛለች፤ ዓርብ ደግሞ አፍደም ባቡር ጣቢያ ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ የጉልበቷ ነገር ግን በሦስቱም ከተማ ያው ነው። በዚያ ጉልበት ያን ሁሉ አገር መዞሯ ማንንም አላስደነቀም።

ወእምዝ፣ የዚያ ዘመን ሥርዓት እንዲህ ነበረ። ሐሙስ በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ የሰውነት ማጎልመሻ ሲደርስ፣ አርባ አንዱ ወንዶች የትምህርት ቤቱን አንዲት ኳስ ይዘው ወደ ሜዳ ይወርዳሉ፤ ጫማቸው እንዳያልቅባቸው በባዶ እግር ይጫወታሉና፣ ጫማውንም ጃኬቱንም ሰዓቱንም በግንቡ ጥግ ለሚቀመጡት ለሃያ ሁለቱ ሴቶች ጭን ያስረክባሉ። ሰኞ በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ሴቶቹ ከክፍል ሳይወጡ፣ አለቃቸው ሆዳን ከመጽሐፍ እየቀዳች በሰሌዳው የምትጽፈውን ዐሥራ ሰባቱን የእግር ኳስ ሕግ ወደ ደብተራቸው ይገለብጣሉ። ስለዚህም የጎሉ ወርድ ሰባት ሜትር ከሠላሳ ሁለት፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ከአርባ አራት መሆኑን በእንቅልፍ ልባቸው ይወጡታል። ኳስ በእግሯ የነካች ግን ከኤብላ በቀር አንዲት አልነበረችም፤ ኤብላም የነካችው የወንድሞቿን የጨርቅ ኳስ ነው፤ ሰኞ ሰኞም የውኃ ቦቴ ወደ ሰፈሯ ስለሚመጣ ከጀሪካኗ ጋር ተሰልፋ ትውላለችና፣ ከሕጉ አንዱንም አልገለበጠችም።

ስለ ሆዳንም ክብር ጥቂት ይነገር። በአንቱታ ሊጻፍላት በተገባ ነበር፤ ነገር ግን እናቷ ዐርዶ ብትሰማ ሦስት ቀን ትስቃለችና ይቅር። እርሷም ጋርባሳር የሚባለውን የትከሻ ልብስ የምትሸጠው የዐርዶ በኩር፣ አማርኛን ያለ አስተማሪ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ የተማረች፣ የሥጋ ቤቱን ሰሌዳ ያረመች፣ የመድኃኒት ቤቱን ሰሌዳ ያረመች፣ የዳይሬክተሩን ማስታወቂያ አርማ ሁለት ቀን ከትምህርት የታገደች፣ በሰውነት ማጎልመሻ ፈተና ከመቶ ዘጠና ስድስት ያመጣች፣ የጎረቤት ፍየል ስታባርራት ግን ከሦስት እርምጃ በላይ መሮጥ የተሳናት ነበረች። ሰው ሲያናግራት ስሕተቱን እንጂ ነገሩን አትሰማም እያሉ ያሟት ነበር፤ ሐሜቱም ሰዋስው ስለጎደለው አላስቀየማትም።

በልቧ ግን የደበቀችው አንድ ነገር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጫማ ታቅፋ ከተቀመጠች በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ማንም ሳያያት ከጫማዎቹ አንዱን መሬት አስቀምጣ በእግሯ መታችው፤ ጫማውም ‹ጧ› ብሎ ተነሥቶ የሽንት ቤቱ ጣሪያ ላይ ዐረፈ። ያ ‹ጧ› ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ጫማ እንዲህ ካለ ኳስ ምን ይል ይሆን እያለች ታድር ጀመር። የዐሥረኛ ክፍል ፈተና በግንቦት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ይበተናል፤ ማን ወደ ገበያ፣ ማን ወደ ባል ቤት፣ ማን ወደ ኮሌጅ እንደሚሄድ አላህ ያውቃል። የቀሩት ሐሙሶች ስምንት ነበሩ። ከነዚያ ባንዱ እውነተኛ ኳስ በእግሯ ሳትመታ ብትወጣ፣ ዐሥራ ሰባቱን ሕግ እንደ ተሸከመች የምትቀር የመጽሐፍ አህያ መሆኗ ነው። ለሌላው ሁሉ «ስለ ሴት ተማሪዎች እኩልነት» ትል ነበር። እኩልነቱም እውነት ነበር፤ ‹ጧ›ውም እውነት ነበር።

ጦሩን የቀሰቀሰው ግን የወንዶቹ አለቃ አብሽር ነው። እርሱም በመጋቢት መጀመሪያ ሐሙስ፣ ላቡ ያልደረቀ አንድ ጥንድ ስኒከር በጭኗ አስቀምጦ በሠራዊቱ ፊት እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ናያ ሆዳን! ይቺን በተለይ ጠብቂልኝ፤ የዱባይ ናት፣ ፀሐይ እንዳይነካት!» ሆዳንም ጫማይቱን በጋርባሳሯ ጋረደች፤ ጋርዳም ራሷን ታዘበች፤ በዚያች ሌሊትም አራት ገጽ ማመልከቻ ጻፈች።

በማግሥቱም ወደ ዳይሬክተሩ ወደ አቶ ወልደሥላሴ ዘመተች። በፊቷ ፈጣኗ ኤብላ፣ በቀኟ ድምፀ መብረቅ ካፊያ፣ በግራዋ ማስቲካዋን ከቁርስ እስከ ምሳ የምታላምጠው ሳሚያ፣ ከኋላዋም ዐሥራ ስምንት ሴቶች እየተገፋፉና እየሳቁ፣ ‹አንቺ ቅደሚ፣ አንቺ ቅደሚ› እየተባባሉ ተከተሏት። አቶ ወልደሥላሴም፣ ሊቀ ማኅተም፣ ያላነበቡትን ሁሉ በፍጥነት የሚፈርሙት፣ ከማመልከቻው የመጀመሪያውን መስመር አይተው በጥጉ ላይ እንዲህ ሲሉ መሩበት፦ «ፕሮግራማችሁን ተከተሉ! ማን ያዛችሁ? ደግሞ ማመልከቻ በአራት ገጽ አይጻፍም፤ ወረቀት የመንግሥት ንብረት ነው!» ሆዳንም ይህን ንቀት ብላ ቆጠረችው፤ ከቢሮው እንደ ወጣችም በሦስቱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የጎደለውን ነጥብ ሁሉ ለሠራዊቷ አስረዳች። ሠራዊቷ ግን የሻይ ሰዓት እንዳያልፍባት ሄዳ ነበር።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ መልአክም ነገሩ በደረሰው ጊዜ በሜዳው መካከል ቆሞ ፊሽካውን እያወዛወዘ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «እኔ ሴት አትጫወት ብዬ አላወጅኩም! ሜዳ አንድ፣ ኳስ አንድ፣ ፊሽካ አንድ። የመጣ ይጫወታል፤ ያልመጣን ከቤቱ ጎትቼ አላመጣም!» ሆዳንም ይህን ሰምታ፣ ሰውዬው ሽሙጥ የተካነ ነው አለች።

ወእምዝ ነገሩን ወደ ላይ ልታደርስ ተነሣች፤ ስሙን ታሪክ ይሸፍነውና ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት በስምንት ሰዓት ገሠገሠች። ከምሳ በኋላ ጉዳይ ተይዞ ቢሮ እንደማይኬድ በጅግጅጋ ጡት የሚጠባ ሕፃን ያውቀዋል፤ ጫት ገብቷል፣ በርጫ ተይዟል፣ ከተማው ምንጣፍ ላይ ነው። ሁሉን ዐዋቂዋ ሆዳን ግን ወይ አላወቀችም፣ ወይ ለማወቅ ኮራች። በሩን ክፍት፣ ማራገቢያውን ሲዞር፣ ወንበሩንም ባዶ ሆኖ አገኘችው፤ በወንበሩ ጀርባ ግን አንድ ግራጫ ኮት ተንጠልጥሎ ነበር። በውጭ የተቀመጠችው ጸሐፊም «ኃላፊው አሉ! ኮታቸው አለ!» ስትል አወጀች። ሦስት ቀን ተመላለሰች፤ ሦስት ቀን ኮቱ ተቀበላት። በሦስተኛው ቀን ስለ ሴት ተማሪዎች ሁኔታ ለኮቱ ቆማ በቃል አብራራች፤ ከዚያም ማመልከቻዋን በደረት ኪሱ ከትታ እጅ ነሥታ ወጣች። ኮቱም እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠም።

ሰላማዊው መንገድ ሁሉ በኮት ከተዘጋ በኋላ ጦርነት ሆነ። በመጋቢት መጨረሻ ሐሙስ ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አስረክበው ወደ ሜዳ ወረዱ። ሃያ ሁለቱም ሴቶች ተነሡ፤ ሰማንያ ሁለት ጫማ፣ ስኒከሩንም ሸበጡንም፣ በጋርባሳራቸው ቋጥረው ወደ ክፍል አስገቡ፤ ሆዳንም በሩን ቆለፈች፤ ቁልፉንም በአንገቷ አንጠልጥላ በደረጃው ላይ እንደ ዙፋን ተቀመጠች። ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ የሚያልቀው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ጨዋታውም አልቆ አርባ አንዱ ወንዶች በበሩ ፊት በጋለው ጠጠር ላይ ቆሙ፤ አንዱን እግር አንሥተው አንዱን ሲያሳርፉ፣ ያንን አሳርፈው ይህን ሲያነሡ፣ ሩቅ ላለ ሰው ሠርግ ይመስል ነበር። አብሽርም የሸሚዙን እጀታ እንደ ነጭ ባንዲራ አንሥቶ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «አቦ ሆዳን! ወላሂ መሬቱ እግራችንን ጠበሰው! የሚቀጥለውን ሐሙስ ውሰጂው፣ ኳሱንም ውሰጂው፣ ከፈለግሽ ቲቸር መልአክንም ጨምረሽ ውሰጂው፤ ጫማችንን ብቻ መልሺ! የኔ የዱባይዋ ደህና ናት?»

ሆዳንም ከዙፋኗ ተነሥታ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ እንዲህ ስትል መለሰች፦ «እኔ ሆዳን ማሃሙድ፣ የዐሥረኛ ‹ለ› አለቃ! በሚቀጥለው ሐሙስ በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ አርባ ደቂቃው ሳይሸራረፍ ሜዳው የእኛ ነው! ወንዶች በግንቡ ጥግ ተቀምጠው የእኛን ጫማ ይጠብቃሉ! ቃሉን ያፈረሰ ስኒከሩን ከልባሽ ተራ ይፈልጋት!» መልአክም ለምስክርነት ፊሽካውን ነፋ፤ ዋርፋ ግን ከበሩ ሆኖ «ጉልበታችሁን ተሰናበቱ!» ሲል ጨመረ።

ወሬውም ከጫማው ፈጥኖ ገበያ ደረሰ። ሜዳው የሐረርን መንገድ ይዋሰናልና፣ ‹ልጆቻችን በሾፌርና በረዳት ፊት ሊዘሉ ነው› ብለው እናቶች ሁሉ ወደ ዐርዶ ሱቅ ተሰበሰቡ፤ ሆዳንም ከመደርደሪያው ኋላ ተደብቃ ተቀምጣ ነበር፤ ዳይሬክተርን የናቀች፣ ኮትን የደፈረች፣ እናቷን፣ ሁዮዋን ግን እንደ ሞት ትፈራለችና። ዐርዶም ሜትሯን እንደ በትረ መንግሥት ይዛ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ስሙ እናቶች! ልጄ ትሩጥ አላልኩም፣ አትሩጥም አላልኩም። እኔ ራሴ በሷ ዕድሜ ግመል እያሯሯጥኩ ነው ያደግኩት፣ ማን አየኝ? ግመሉ! እነዚህንም ከኳሱ በቀር ማንም አያያቸውም። ሠላሳ ጋርባሳር ከሱቄ ይወጣል፣ ሜዳው ይጋረዳል፤ ሠላሳውም ይመለሳል። ሃያ ዘጠኝ ከተመለሰ ሠላሳኛዋ አንቺ ነሽ፣ ሆዳን፤ ሱቁ በር ላይ እሰቅልሻለሁ!» እናቶችም «አሚን» አሉ።

በሚያዝያም በመጀመሪያው ሐሙስ፣ በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ሠራዊቱ ወጣ። ከቀሚሳቸው ሥር የወንድሞቻቸውን ሱሪ የታጠቁ፣ ከአንድ ዘመድ አጎት የተለመነ፣ አቃል የሚባለው የዘላን ጎጆ መወጠሪያ እንጨት በትከሻቸው የተሸከሙ ሃያ ሁለት ሴቶች፤ ሠላሳው ጋርባሳርም በፊታቸው፦ ሰባት ብርቱካናማ፣ ስድስት የባሕር ቀለም፣ አምስት እንደ በሰለ ፓፓያ፣ አራት ባለ ነብር ቆዳ፣ ሦስት ወርቃማ፣ የቀሩት አምስቱ ደግሞ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ገዢ ያጡ ባለ አናናስ ሥዕል። አርባ አንዱም ወንዶች በግንቡ ጥግ፣ ሃያ ሁለት ጥንድ የሴት ጫማ በጭናቸው ይዘው ተቀመጡ፤ አብሽርም ባለ አበባ ሸበጥ ደርሶት በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ወሶበ የመጀመሪያውን እንጨት አቆሙ፣ ነፋሱ ከካራማራ ተነሣ። በሐረር መንገድ በኩል ሲወጥሩት በቱሊ ጉሌድ በኩል ይገነጥለዋል፤ በቱሊ ጉሌድ በኩል ሲይዙት በሐረር በኩል ያበረዋል። ካፊያ አንዱን ምሰሶ አቅፋ ከነምሰሶው ሁለት ዙር ዞረች። ሳሚያ በባለ ነብሩ ጋርባሳር ተጠቅልላ ወደቀች፤ ለመፍታትም አራት ሰው ፈጀ። ከባለ አናናሶቹ አንዱም ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ጥቂት አሰላስሎ፣ ወደ ባቢሌ ፍየል ጭኖ በሚያልፍ አይሱዙ ላይ ዐረፈ፤ ሆዳንም እጇን ዘርግታ ሦስት እርምጃ ተከተለችው፤ ከዚያ በላይ መሮጥ እንደማትችል ቀድሞ ተነግሯልና ቆመች፤ በሱቁ በር የምትሰቀልበትንም ሚስማር በዓይነ ልቡናዋ አየች። በመጨረሻ እንጨቱን በድንጋይ አጽንተው፣ ጋርባሳሩን እርስ በርሱ ቋጥረው መጋረጃው ቆመ። መልአክም ሰዓቱን አይቶ «ዘጠኝ ደቂቃ ቀረ!» ሲል አወጀ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ለመጻፍ ብዕር ያፍራል። ሆዳን ኳሷን በመሃል ሜዳ አስቀመጠች፤ ዐሥራ አንድ ለዐሥራ አንድ ተሰለፉ፤ ሊጀምሩም ሲሉ ካፊያ «ሕግ አራት!» ብላ ጮኸች፤ ጌጥ አድርጎ መጫወት ክልክል ነውና የጆሮ ጉትቻና አምባር ሲወልቅ ሁለት ደቂቃ አለፈ። ተመለሱ። «ሕግ ስምንት! ኳሱ ወደ ፊት ነው የሚመታው!» አለች አንዷ፤ ፊት በየት በኩል እንደ ሆነም አንድ ደቂቃ ተከራከሩ። ኳሷ ገና ክንድ ያህል ሳትሄድ «ሕግ ዐሥራ ሁለት፣ ገፋችኝ!»፤ ደግሞ «ሕግ ዐሥራ አምስት፣ እግርሽ መሬት ለቋል!»፤ ደግሞ «ሕግ አምስት፣ ዳኛውን አትናገሩት!» ሆነ። መልአክም ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ፣ የሕግ ትምህርት ቤት መሰለኝ ብሎ በድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከመጋረጃው ኋላ አርባ አንዱ ወንዶች ጫማ እንደ ታቀፉ እየተንከባለሉ ሳቁ። ሰባት ወር በትጋት የተገለበጠ ዕውቀት እንዲህ በአንድ ቀን ፈላ።

በመጨረሻም፣ ሦስት ደቂቃ ሲቀር፣ ኳሷ ከእግሮች ደን መካከል ብቻዋን ተንከባልላ በሆዳን እግር ሥር ቆመች። በፊቷ ጎሉ ነበረ፤ ወርዱ ሰባት ሜትር ከሠላሳ ሁለት፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ከአርባ አራት። በረኛዋ ሳሚያ የተፈታ ጋርባሳር ለመያዝ ሄዳ ነበር። ከግመል የሚበልጥ ክፍተት! ይህን ሰዓት ነው ያለመችው፤ ይህ ነው ያ ‹ጧ›። እግሯንም አነሣች። አንሥታም ግራና ቀኝ አየች፤ ከፊቷ ተከላካይ እንደሌለ ቆጠረች፤ ቆጥራም ኳሷን ረግጣ ቆመች፤ እጇንም ወደ ሰማይ ዘርግታ በታላቅ ድምፅ አወጀች፦ «ሕግ ዐሥራ አንድ! ከጨዋታ ውጭ ነኝ!»

በተቃራኒው ወገን ያለችው ኤብላ ግን ሕጉን አልገለበጠችም። ከኋላ እንደ ሚዳቋ በርራ መጣች፤ ኳሷን ከሆዳን እግር ሥር ጠለፈቻት፤ ሆዳን በመቀመጫዋ ስትወድቅ ኤብላ ሜዳውን አቋርጣ መታቻት፤ ኳሷም የሆዳንን ወገን ጎል አልፋ፣ በባለ ፓፓያው ጋርባሳር ላይ ዐረፈች። ሃያ አንዱም እልል አሉ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት ወንዶችም ምን እንደ ሆነ ሳያዩ ጮኹ፤ በመንገድ የሚያልፍ ሾፌርም ጥሩምባ ነፋ።

አንድ ደቂቃ ቀረ። ኳሷ ወደ መሃል ተመለሰች፤ ጎል ከገባ በኋላ ጨዋታውን የሚጀምረው የገባበት ወገን ነውና፣ ሕጉም በዚህ ስለተስማማ፣ ሆዳን አቧራዋን አራግፋ ከኳሷ ፊት ቆመች። ካፊያ ሕግ ልትጠራ አፏን ስትከፍት ኤብላ በእጇ አፈነቻት። ሆዳንም ዓይኗን ጨፍና መታች። ‹ጧ!› አለ፤ ከጫማ እጅግ የሚበልጥ፣ ወፍራም፣ እስከ ጥርሷ ድረስ የተሰማት ‹ጧ›። ኳሷ ወደ ፊት አልሄደችም፤ በጎንም አልሄደችም፤ ወደ ላይ ወጥታ፣ በነፋሱ ታጥፋ፣ ዋርፋ በግራሩ ላይ ያንጠለጠለውን የሐዲድ ብረት ደወል መታችው። ደወሉም ተደወለ። ከሃያ ሁለት ክፍል አንድ ሺህ አራት መቶ ተማሪ ወደ ምሳ ወጣ። ሆዳን ማሃሙድ በሕይወቷ አንዲት ኳስ መታች፤ በእርሷም የራሷን ጨዋታ ፈጸመች። ዋርፋም ወደ እርሷ ቀርቦ በጉልበቷ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየ፤ ወደ ቴርሞሱም ተመለሰ። እናቷም ማታ ጋርባሳሮቹን ቆጥራ ሃያ ዘጠኝ አገኘች፤ ሚስማሩንም ተመለከተች፤ ከዚያም ባለ አናናሱ ወደ ባቢሌ መሄዱን ስትሰማ፣ «እዚህ ገዢ አጥቶ ነበር፤ እዚያ ይቅናው» ብላ ፈረደች።

እነሆ የዚያች ሐሙስ ፍሬ ይህ ነው፦ በሳምንቱ የዐሥረኛ ‹ሀ› ሴቶች ጫማ አንጠብቅም አሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ዘጠነኛ ክፍሎች ተከተሉ፤ አቶ ወልደሥላሴም ምሪት የሚጽፉበት ጥግ ሲያልቅባቸው ሜዳው ሐሙስን እያፈራረቀ ለወንድም ለሴትም እንዲሆን አወጁ። የሴቶቹም ቡድን በኤብላ አለቃነት ቆመ። ስለዚህ ክብር ለሆዳን ይሁን፤ ለኮት የተናገረች፣ ሰማንያ ሁለት ጫማ የማረከች፣ ነፋስን በጋርባሳር የገጠመች፣ በራሷ ላይ እንኳ ሕግን ያላጎደለች፣ በእግሯ ደወል የደወለች! ስሟ በግንቡ ጥግ በከሰል ይጻፍ፤ የሚጽፈውም ሰው ከመጻፉ በፊት ያሳያት።

በሐምሌም ሆዳን የውጤት ወረቀቷን ልትወስድ ወደ መዝገብ ቤት ገባች። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ንጋቷ በየክፍሉ ግድግዳ የተለጠፈውን አሮጌ ወረቀት ሁሉ ለመጣል ሰብስባ ነበርና፣ ውጤቱን የምትጠቀልልበት ከክምሩ አንዱን ሰጠቻት፤ ስትሰጥም፣ ያ ምስኪን መልአክ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ሦስት ሰኞ ሙሉ ኳስና ፊሽካ ይዞ በባዶ ሜዳ ቆሞ እንደ ነበር፣ አንዲት ሴት እንኳ ብቅ እንዳላለችለት፣ እርሷም ከመስኮቷ እያየች ታዝን እንደ ነበር አወጀች። ወረቀቱም የዐሥረኛ ‹ለ› የዓመቱ ፕሮግራም ነበረ፤ በታይፕ የተመታ፣ ማኅተም ያረፈበት፦ «ሰኞ፣ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ሰውነት ማጎልመሻ፣ ሴቶች ብቻ፣ በሜዳ።» ‹በሜዳ› በሚለው ቃል ላይ ግን ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሮበት፣ በላዩ ‹በክፍል› ተብሎ፣ በጠርዙም እጅግ ባማረ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ተጽፎ ነበር፦ «የጽሕፈት ስሕተት፤ ታርሟል። የክፍሉ አለቃ፣ ሆዳን ማሃሙድ፣ መስከረም 16 ቀን 1999።»